የወርቅውሃ ሰላምታና የሚክዳድ ካሜራ

ነገሌ ውስጥ የቸኮለ ሰው ወርቅውሃን ከሩቅ ሲያይ መንገድ ይቀይራል። ጠልቷት አይደለም፤ እሷን የሚጠላ ሰው እኔ አላውቅም። ነገር ግን ወርቅውሃ ሰላምታ ከጀመረች በ«እንደምን አደርክ» አታበቃም። የእናትህን ደም ግፊት ትጠይቃለች፤ ላምህ ወልዳ እንደሆነ፣ ዝናቡ እናንተ ዘንድ ስንት ቀን እንደጣለ፣ ያ ይግባኝ ያልከው ነገር የት እንደደረሰ ትጠይቃለች። አንተም በየተራው ትመልሳለህ። ከቤቷ እስከ ሥራ ቦታዋ ያለው መንገድ ቢበዛ አራት መቶ ሜትር ነው፤ ጤነኛ ሰው በስድስት ደቂቃ ይጨርሰዋል። እሷ በተሽከርካሪ ወንበሯ አንድ ሰዓት ከአሥር ይፈጅባት ነበር። «ወንበሩ ነው ቀርፋፋው?» ብሎ የጠየቃትን ትቆጣዋለች።

«ወንበሩ ምን አደረገ? ሰዉ ነው የበዛው።»

ሥራዋ ማመልከቻ መጻፍ ነው። ከፍርድ ቤቱ አጥር ጎን በቆርቆሮ በተሠራች መጠለያ ውስጥ ተቀምጣ፣ ባለጉዳይ የሚነግራትን በአማርኛም በኦሮምኛም ትጽፍለታለች። የእኔ ፋርማሲ ከፊት ለፊቷ ነው። ስለዚህ የማወራውን ግማሹን በዓይኔ አይቻለሁ፤ ሌላውን ግማሽ ደግሞ ሳልጠይቃት ነግራኛለች።

አባቷ አስር አለቃ ተፈራ ከጎጃም የመጡ ወታደር ነበሩ። ወርቅውሃ ከጦር ሰፈሩ አጥር ሥር ተወልዳ አማርኛን ከቤት፣ ኦሮምኛን ከደጅ፣ ሁለቱን በአንድ ላይ ተማረች። «ይቺ ልጅ በአማርኛ ትለምናለች፣ በኦሮምኛ ትቆጣለች» ይሉ ነበር አባቷ። በ1983 ሠራዊቱ ሲበተን የሰፈሩ ሰው ጓዙን እየጠቀለለ ወደየአገሩ ሄደ። አስር አለቃ ተፈራም ዕቃቸውን አሰሩ። ያኔ የአሥራ ሰባት ዓመት ልጅ የነበረችው ወርቅውሃ «ሰው ተሰናብቼ ልምጣ» ብላ ወጣች፤ ሦስት ቀንም ተሰናበተች። በሦስተኛው ቀን የተኮናተሩት መኪና ጥሏቸው ሄደ። አስር አለቃው እስኪሞቱ ድረስ «ነገሌ የቀረሁት በልጄ ምላስ ነው» ሲሉ ኖሩ። ሲሉት ግን ብዙም የከፋቸው አይመስሉም ነበር።

በ1989 ክረምት መግቢያ ላይ ከክብረ መንግሥት ስትመለስ የተሳፈረችበት አይሱዙ ቁልቁለት ላይ ተገለበጠ። ሁለት ሰው ሞተ። ወርቅውሃ አከርካሪዋ ተጎድቶ ከወገቧ በታች መንቀሳቀስ አቃታት። አዲስ አበባ ሰባት ወር ሆስፒታል ተኛች። ስለዚያ ጊዜ ብዙ አታወራም፤ ብዙ የማታወራበት ነገር ይሄ ብቻ ነው። በተሽከርካሪ ወንበር ላይ ሆና የተመለሰች ቀን መናኸሪያው በሰው ተሞልቶ ነበር። ሁሉም ሊያለቅስላት ነበር የመጣው። እሷ ግን አንዱን ስለ ላሙ፣ አንዷን ስለ ልጇ ጥርስ ስትጠይቅ ልቅሶው በየተራ ጠፋባቸው።

እንዲህ እያለች ሃያ ስድስት ዓመት ወንበሯን ገፋች። በ2015 መጨረሻ አካባቢ ነው የቀኝ ትከሻዋ ማመም የጀመረው። ለማንም አልተናገረችም። እኔ ዘንድ እየመጣች የሚታሽ ቅባት ትወስድ ጀመር።

«ለዲንኪቱ ነው፤ ትከሻዋን ያማታል» ትለኛለች።

ዲንኪቱ ከወርቅውሃ መጠለያ አጠገብ የግመል ወተት የምትሸጥ የልብ ጓደኛዋ ናት። አንድ ቀን ለራስ ምታት ኪኒን ልትገዛ ስትመጣ «ትከሻሽ እንዴት ሆነ?» አልኳት።

«የምን ትከሻ?» አለችኝ።

ያን ጊዜ ገባኝ፤ ግን ምስጢሯን ጠበቅሁ። ነገሩን አደባባይ ያወጣው የኦቦ አብዱባ ሰላምታ ነው። ኦቦ አብዱባ ከከተማው ወጣ ብለው የሚኖሩ፣ ሰባ ዓመት ያለፋቸው ባለከብት ሽማግሌ ናቸው። ሰኞ ሰኞ ለገበያ ሲመጡ ከወርቅውሃ ጋር ሰላም ሳይባባሉ አያልፉም። «ናጋ?» ይላሉ። «ናጋ» ትላለች። «ሎን ናጋ?» ከብቱ ሰላም ነው? «ወራ ናጋ?» ቤተሰቡስ? «ሮባ ናጋ?» ዝናቡስ? ሁለቱ ሲጀምሩ ባጃጅ ዞሮ ነው የሚሄደው። በዚያ ሰኞ ግን እሳቸው እጃቸውን ሲዘረጉ ወርቅውሃ ግራ እጇን ሰጠቻቸው።

ኦቦ አብዱባ ግራ እጇን አዩ። ከብቱንም ዝናቡንም ሳይጠይቁ ጨበጡና ሄዱ። ሁለት ቀን አሰቡ። በሦስተኛው ቀን ሁለት ሽማግሌዎች ወደ ወርቅውሃ ላኩ።

«ኦቦ አብዱባ ምን እንዳጠፉ ንገሪን ብለን ነው የመጣነው» አሉ ሽማግሌዎቹ። «ካጠፉ ይክሳሉ።»

ወርቅውሃ በሃፍረት አለቀሰች። ቀኝ እጇን ከጡቷ በላይ ማንሳት ካቃታት ሁለት ወር እንደሞላት ያን ቀን ነገረቻቸው። በማግስቱ ዲንኪቱ የወተት ዕቃዋን ዘግታ ወርቅውሃን እየገፋች ሆስፒታል ወሰደቻት።

በዚያ ሳምንት ሚክዳድ የሚባል ፊዚዮቴራፒስት ሆስፒታሉ ግቢ ውስጥ ነበር። ዶሎ ኦዶ ከስደተኞች ጋር ሲሠራ የቆየ፣ በነገሌና አካባቢው በተሽከርካሪ ወንበር የሚንቀሳቀሱ ሰዎችን ሊያይ የመጣ ወጣት ነው። ደግ ነው፤ ግን ችኩል ነው። ተናግረህ ሳትጨርስ «እሺ» ይልሃል። ሁለት ስልክ በማቆሚያ ላይ አስሮ፣ አንዱን ከጎን አንዱን ከፊት ተክሎ፣ ሰው ወንበሩን ሲገፋ ይቀርጻል። ላፕቶፑ ላይ ያለው ፕሮግራም ከቪዲዮው ውስጥ ትከሻን፣ ክርንንና የእጅ አንጓን ራሱ ፈልጎ እያገኘ፣ ሰውየው ስንት ጊዜ እንደገፋ፣ ክንዱ ምን ያህል እንደታጠፈ ይቆጥራል።

«ሰውነቴ ላይ ምንም አትለጥፍብኝም?» አለችው ወርቅውሃ።

«ምንም። ድሮ በየመገጣጠሚያው የሚያብረቀርቅ ነገር እየለጠፉ ነበር የሚቀርጹት። ይሄ እንዲሁ ያያል።»

«ልብስስ አላወልቅም?»

«የለም እትዬ።»

«እንዲህ መሆኑን ባውቅ አዲሱን ቀሚሴን ለብሼ እመጣ ነበር» አለችና ቀጠሮውን ለነገ አስቀየረችው።

በነጋታው አዲሱን ቀሚስ ለብሳ፣ ከላይ እስከ ጉልበቷ የሚደርስ ሰፊ ሻርፕ ደርባ መጣች። ሚክዳድ አንድ ጊዜ አስገፋትና ላፕቶፑን አይቶ ራሱን ነቀነቀ።

«ክርንዎ ጠፋ።»

«ወዴት ሄደ?»

«ከሻርፑ ሥር ነው። ማሽኑ ሊያገኘው አልቻለም።»

«ታዲያ እንዲሁ ያያል አላልክም?»

ሚክዳድ ሻርፑን እንድታወልቅ ለመናት። እምቢ አለች። በመጨረሻ ዲንኪቱ ሻርፑን ከኋላ በመርፌ ቁልፍ ያዘችላትና ክርኗ ተገኘ። ግቢው ውስጥ ሲሚንቶ በፈሰሰበት ሃያ ሜትር ላይ አራት ጊዜ ተመላለሰች። ሚክዳድ ላፕቶፑ ላይ አቀርቅሮ ብዙ ቆየ። ግር ብሎታል።

«አገፋፍዎ ጥሩ ነው» አላት። «ረጅም ነው፣ ዝግ ያለ ነው፣ እጅዎ ከጎማው መግፊያ ቀለበት ሲለቅ ወደ ታች ይወርዳል። እኔ ሰዉን እንዲህ ግፉ ብዬ ነው የማስተምረው። እንዲህ የሚገፋ ሰው ትከሻው እንዲህ መጎዳት አልነበረበትም።»

ወርቅውሃ ይሄን ሰምታ ሕመሟን ረሳች። ለሳምንት ያህል ላገኘችው ሁሉ «ማሽኑ መሰከረልኝ» ስትል ነበር። ዲንኪቱ ግን ያኔውኑ እዚያው ሆና ሚክዳድን ገላመጠችው።

«ሰው በሌለበት ግቢ ውስጥ ምን ታያለህ? አስፋልቱ ላይ ውሰዳት።»

ሚክዳድ «እሺ» አለ፤ ይቺኛዋ እሺ ጠቀመችው። ሰኞ ጠዋት ስልኮቹን አምጥቶ ከእኔ ፋርማሲ በረንዳ እስከ ፍርድ ቤቱ በር ባለው ስድሳ ሜትር ላይ ተከላቸው። ወርቅውሃን «እንደ ወትሮዎ ይሂዱ፣ እኔን አይዩኝ» አላት። እሷም እንደ ወትሮዋ ሄደች። ሦስት ሜትር ገፋች፤ ባለ ስልክ ቤቱ አገኛትና ቆመች። ሁለት ሜትር ገፋች፤ አንድ ከጦር ሰፈሩ የመጣ መቶ አለቃ ትከሻ ለትከሻ እየተጋጨ ሦስት ጊዜ ሰላም አላት። ገፋች፤ ቆመች። ኦቦ አብዱባ ደረሱ። እሷን አቆይተው ሲያበቁ ከስልኩ ኋላ የቆመውን ሚክዳድን አዩትና ወደሱ መጡ። ሚክዳድ «ደህና፣ ደህና ነኝ» ብሎ ወደ ስክሪኑ ሊዞር ሲል እጁን አልለቀቁትም። ስለ አባቱ ግመሎች ጠየቁት። አባቱ መምህር እንደሆነ ሲነግራቸው ስለ ተማሪዎቹ ጠየቁት።

ስድሳው ሜትር ሠላሳ አንድ ደቂቃ ፈጀ።

ከሰዓት በኋላ ሚክዳድ ላፕቶፑን ይዞ ወርቅውሃ መጠለያ ውስጥ ተቀመጠ። ዲንኪቱም እኔም ተሰብስበናል። ስክሪኑ ላይ ወርቅውሃ በቪዲዮው ላይ በተሳሉ ነጥቦችና መስመሮች ሆና ትታያለች።

«ይቺ ቀጫጫ እኔ ነኝ?» አለች ደስ ብሏት።

አንድ ቦታ ላይ ከትከሻዋ የተነሳው መስመር ሄዶ ኦቦ አብዱባ ክርን ላይ አረፈ። ሚክዳድ አፈር ብሎ፣ ሰዎች ሲጨባበጡ ፕሮግራሙ የማን እጅ የማን እንደሆነ እንደሚምታታበት ነገረን። ከዚያ ወደ ቁም ነገሩ ገባ።

«ችግሩ መግፋትዎ አይደለም፣ መነሳትዎ ነው። የቆመ ወንበር ማስነሳት፣ የሚሄደውን ከመግፋት በጣም ይከብዳል። እዩት፤ በተነሱ ቁጥር ወደ ፊት ይደፋሉ፣ ትከሻዎ ወደ ጆሮዎ ይወጣል። በዚች ስድሳ ሜትር ውስጥ አሥራ ሰባት ጊዜ ቆመው አሥራ ሰባት ጊዜ ተነስተዋል። በዚያ ላይ የሚጨብጥዎ ሰው ሁሉ ቆሞ ነው፤ ክንድዎን ወደ ላይ ይጎትተዋል። ወታደሮቹ ደግሞ ያመመውን ትከሻ ነው የሚገጩት።»

«እና ምን ላድርግ?»

«መንገድ ላይ አይቁሙ።»

ዲንኪቱ ፊቷን ወደ ግድግዳ አዞረች፤ ትከሻዋ በሳቅ ይንቀጠቀጣል።

«ሰላም ሳልል ልለፍ?»

«እየሄዱ ሰላም ይበሉ። ካልሆነ ግራ እጅዎን ማውለብለብ ይችላሉ።»

«ልጄ» አለችው ወርቅውሃ፣ «እጅ እያውለበለበ የሚያልፈው መኪና ላይ ያለ ባለሥልጣን ነው።»

ሆኖም ሞከረች። ማሽኑ እንደመሰከረላት ሁሉ፣ ማሽኑ ሲፈርድባትም መቀበል እንዳለባት አሰበች። በመጀመሪያው ቀን አሥራ አራት ደቂቃ ብቻ ወሰደባት። ከፍርድ ቤቱ ዘበኛ በፊት ደርሳ፣ የምታናግረው አጥታ ብቻዋን ተቀመጠች። እኔንም «ደህና ነህ» ብላ መልሴን ሳትጠብቅ አለፈችኝ። አልዋሽም፣ ቅር አለኝ። በሁለተኛው ቀን ወሬው ተነሳ። አንዱ ጆሮዋን ታማለች አለ። ሌላው ሹመት አግኝታለች አለ። አንድ ባለጉዳይ እኔ ዘንድ ገብቶ «ማመልከቻዬ ውስጥ የሚያስቀይም ነገር አጻፍኳት ይሆን?» ብሎ ጠየቀኝ።

በአራተኛው ቀን ጠዋት ኢቢሴን አልፋት ሄደች። ኢቢሴ በጦር ሰፈሩ መንገድ ጎመንና ቲማቲም የምትሸጥ ሴት ናት። ወርቅውሃ «አካም፣ ናጋ» ብላ፣ ወንበሯን ሳታቆም አለፈች። ኢቢሴ አፏን ከፍታ ነበር፤ መልሳ ዘጋችው። ወርቅውሃ የኢቢሴ እናት ትናንት መሞታቸውን የሰማችው ከሰዓት በኋላ፣ ከዲንኪቱ ነው።

ያን ቀን ማመልከቻ አልጻፈችም። ሰው ልካ ሚክዳድን አስጠራችው። ሲመጣ ዓይኗ ቀልቷል።

«ልትነግረኝ ነበር» አለችው። «አፏን ስትከፍት አይቻታለሁ። እኔ ግን የወንበሬን መነሳት እየቆጠርኩ ነበር። ልጄ፣ ማሽንህ ጥሩ ነው፤ ያላየው ነገር ግን አለ። ሰው የሚነግርህ አንደኛውን ጥያቄ ስትጠይቀው አይደለም። አምስተኛው ላይ ነው። ትከሻዬ ይመመኝ።»

ሚክዳድ ለመጀመሪያ ጊዜ «እሺ» አላለም። «ልቅሶ ቤቱ የት ነው?» አለ። እየገፋት አብረው ሄዱ።

ልቅሶ ቤቱ ውስጥ ወርቅውሃ ኢቢሴን አቅፋ ብዙ ጊዜ ይቅርታ ጠየቀች። ኢቢሴ «ታምመሽ መሆኑን አውቃለሁ» አለቻት። ኦቦ አብዱባም እዚያ ነበሩ። ድንኳኑ ውስጥ ሚክዳድ አጠገባቸው ተቀምጦ፣ ወርቅውሃ ለምን እንደማትቆም ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው አስረዳቸው። ኦቦ አብዱባ በትራቸውን በጉልበታቸው መሃል አቁመው ሰሙት።

«ወደ ውኃ የሚነዳ ከብት መንገድ ላይ አይቆምም» አሉ። «ባለከብቱን የፈለገ ሰው አጠገቡ እየሄደ ይጠይቀዋል። ሰውየው አልቆመልኝም ብሎ የሚቀየም የለም፤ ከብቱ ተጠምቷል። እናንተ የከተማ ሰዎች ይሄን እንዴት አጣችሁት? እሷ ካልቆመች እኛ እንሂድ።»

በማግስቱ ነገሌ ሙሉ ይሄን ያውቅ ነበር። ኦቦ አብዱባ የተናገሩት ነገር ዘገየ ቢባል ከምሳ በኋላ ነው የሚዳረሰው።

ሚክዳድም የድርሻውን አደረገ። ባጃጅ ወደሚጠግነው ወደ ዩኑስ ጋራዥ ወንበሩን ወስዶ የኋላ ጎማዎቹን አራት ጣት ያህል ወደ ፊት አስመጣቸው። ወንበሩ በትንሽ ግፊት የሚነሳ ሆነ። ቀላል ከመሆኑ የተነሳ በመጀመሪያው ቀን ወርቅውሃ እንደ ድሮው በኃይል ስትነሳ ወደ ኋላ ተገለበጠች። ዩኑስ ከኋላ ባይይዛት ጭንቅላቷ ይመታ ነበር። «ሃያ ዓመት ሙሉ ያላየሁትን የጋራዥ ጣሪያ አሳየኸኝ» አለችው።

ከዚያ ወዲህ ወርቅውሃ ስትሄድ ሰው አብሯት ይሄዳል። አንዱ ጠይቆ ሲያበቃ ሌላው ይተካል። ሰኞ ሰኞ ኋላዋ የሚከተለው ሰልፍ ስለሚረዝም የባጃጅ ሾፌሮች አቤት ብለዋል፤ አቤቱታቸውን የጻፈችላቸው ራሷ ናት። እኔም አንድ ጠዋት የጀመርኩትን ወሬ ልጨርስ ብዬ የፋርማሲዬን በር አልፌ፣ ፍርድ ቤት ግቢ ውስጥ ነው ራሴን ያገኘሁት።

ሚክዳድ ከሦስት ወር በኋላ ተመልሶ በዚያው ስድሳ ሜትር ቀረጻት። አሥራ ሰባቱ መነሳት አራት ሆኖ ነበር። ፕሮግራሙ ግን ዙሪያዋን የሚሄደው ሰው በዝቶበት አንድ ቦታ ላይ ስምንት እግር ሰጣት። ወርቅውሃ ስክሪኑን አይታ በጣም ሳቀች።

«ሁለቱን ካጣሁ ሃያ ሰባት ዓመቴ» አለች። «ይኸው ከነወለዱ መለሱልኝ።»

ትከሻዋ ሙሉ በሙሉ አልዳነም፤ በብርድ ጠዋት ያማታል። ፀጉሯን ግን ራሷ ትሠራለች። ቀኝ እጇንም ትሰጣለች፣ ጎንበስ ለሚልላት ብቻ። መቶ አለቃውም ጎንበስ ማለት ለምዷል።

አሁን ቅዳሜ ቅዳሜ ሆስፒታሉ ግቢ ውስጥ፣ ወንበር አዲስ የሆነባቸውን ሰዎች ሚክዳድ ለምኗት ታስተምራለች። አስተማሪነቷ ክፉ ነው፤ የማሽኑን ምስክርነት ሳትጠቅስ ትምህርት አትጀምርም። የመጀመሪያ ተማሪዋ ዋቅጋሪ ነበር፤ ክብረ መንግሥት ወርቅ ሲቆፍር ጉድጓድ ተንዶበት ወገቡ የተጎዳ ሰው። ከደረሰበት አደጋ በኋላ ከሰው ጋር መነጋገር ትቷል። ሁለት ቅዳሜ ሙሉ ወርቅውሃ ስለ ቤተሰቡ፣ ስለ ጉድጓዱ፣ ስለ ክብረ መንግሥት ዝናብ ጠየቀችው። አንድም አልመለሰላትም። እሷም ሳይመልስላት ቀጥላ «እጅህን ስትለቅ ወደ ታች ጣለው፣ እንደ ደከመው ሰው» እያለች አሳየችው።

በሦስተኛው ቅዳሜ አፉን ከፈተ።

«እትዬ ወርቅውሃ» አላት፣ «ትንሽ ዝም ቢሉልኝ በራሴ እሞክረዋለሁ።»

ዝም አለች። ዲንኪቱ እንደምትምለው ድፍን አራት ደቂቃ ዝም አለች። ዋቅጋሪ ግቢውን ዞሮ፣ አንድ ጊዜም ሳይደናቀፍ፣ እያላበው ተመለሰ።